ቁርጥ ያጡ ልጆች፦ ስለ አንድ የጦርነት ዘመን ልብ ወለድ

ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ የማነሣው ለልጆች የተጻፈ አንድ ልብ ወለድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተበታተነ የአንድ የዋርሶ ቤተሰብ ይተርካል። ደራሲው እንግሊዛዊው መምህርና ገጣሚ ኢያን ሴራሊየር ሲሆን፣ መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በ1956 ነው፤ በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር። ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የብር ሰይፍ» ይሆናል። ይህን ሰምታችሁ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ የሚያወራ መጽሐፍ ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እንደዚያ ነበር። ሰይፉ ግን ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይረዝም፣ ፖስታ የሚከፈትበት የጠረጴዛ ቢላ ነው። አባት ለእናት በልደት ቀኗ የሰጣት ስጦታ ነው። ለትርጉሙ «ጎራዴ» የሚለውንም ቃል አስቤው ነበር፤ ጎራዴ ግን ወገብ ላይ የሚታጠቁት፣ ሰው የሚፈራው ነገር ነውና ለዚህች ትንሽ ዕቃ ከበዳት። ስለዚህ በሰይፍ ረጋሁ።

ዕቃዋ በታሪኩ ውስጥ ዋና ሆና የምትወጣበትን ቦታ ልተርክላችሁ። አባትየው ዮሴፍ ባሊትስኪ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው። በ1940 መጀመሪያ፣ በክፍል ውስጥ የተሰቀለውን የሂትለርን ምስል ፊቱን ወደ ግድግዳ በማዞሩ ተይዞ ይታሰራል። ብዙ ቆይቶ ከእስር አምልጦ ዋርሶ ሲደርስ ሰፈሩን መለየት ያቅተዋል። ቤቱ ከነበረበት ቦታ የቀረው የጡብና የአቧራ ክምር ነው። ጎረቤት የነበረች ሴት ሚስቱ በጀርመኖች እንደተወሰደች፣ ቤቱም በዚያው ሌሊት እንደፈረሰ ትነግረዋለች፤ «ልጆቹስ?» ሲላት ከዚያ ወዲህ ያያቸው እንደሌለ ትገልጽለታለች። ከቀን ወደ ቀን ሲፈልጋቸው ይቆይና አንድ ቀን ፍርስራሹን ሲጎረጉር ሰይፉን ያገኛል። አጠገቡ ልብሱ የተቦጫጨቀ፣ የእንጨት ሳጥንና የድመት ግልገል የታቀፈ ልጅ ቆሞ ያየዋል። ልጁ የሚያብረቀርቀውን ነገር ይፈልገዋል። ዮሴፍም ይሰጠዋል፤ የሚሰጠው ግን በውል ነው። ሩት፣ ኤዴክና ብሮንያ የሚባሉ ልጆች ካጋጠሙህ፣ አባታችሁ እናንተን ፍለጋ መጥቶ ነበር፣ አሁን ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ እናታችሁ ወላጆች ዘንድ ሄዷል፣ እናንተም ወደዚያው ኑ ብሎሃል በላቸው ይለዋል። ከዚያም በዕቃ ጫኝ ባቡር ተንጠላጥሎ ይሄዳል።

ይህን ውል ልብ በሉልኝ። ፖስታ ቤት የለም፤ አድራሻ የለም፤ ለጎረቤት አደራ ለማለትም የጎረቤት ቤት ራሱ ፈርሷል። አንድ የተማረ ሰው፣ ያውም ርእሰ መምህር፣ በሕይወቱ ያለውን እጅግ የከበደ መልእክት ስሙን በቅጡ ለማያውቀው፣ ሰርቆ ለሚያድር የጎዳና ልጅ አደራ ይሰጣል። ቀብድ ያስያዘውም ፖስታ መክፈቻ ነው። ደብዳቤ በማይደርስበት አገር የደብዳቤ መክፈቻ መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው። ደራሲው ይህን አያስረዳም፤ ዕቃዋን አስቀምጧት ያልፋል። እኔም በሁለተኛው ንባቤ ነው የገባኝ።

ጦርነት ለልጆች በሚተረክበት ጊዜ ብዙ ደራሲዎች የሚሄዱት ወደ ቦምቡና ወደ ሞቱ ነው። ሴራሊየር ከጦርነቱ ውስጥ መርጦ የያዘው ግን ቁርጥ ማጣትን ነው፤ የዛሬው ንግግሬም የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው። አማርኛችን ለዚህ ነገር የታደለ ቋንቋ ነው። ሰው ሞተ ሲባል መርዶ አለ፤ መርዶ የተነገረው ሰው እርሙን ያወጣል። ሰው ጠፋ ሲባል ግን መርዶውም አይመጣም፣ እርሙም አይወጣም፤ ዘመድ «ቁርጡን ባወቅሁት» እያለ ይኖራል። የባሊትስኪ ልጆች ወላጅ የሞተባቸው ልጆች አይደሉም። ወላጅ ያላቸውም አይደሉም። በመጽሐፉ የመጀመሪያ አጋማሽ የሚኖሩት በዚህ ስም በሌለው ቦታ ላይ ነው።

የልጆች ደራሲ ሁሉ አንድ የቆየ ችግር አለበት። ወላጆች ቤት ውስጥ ካሉ ልጆች ጀብዱ ሊሠሩ አይችሉም፤ በጊዜ ግቡ ይባላሉ። ስለዚህ ደራሲዎች ወላጆችን በመጀመሪያው ምዕራፍ ይገድሏቸዋል ወይም ወደ ሩቅ አገር ይልኳቸዋል፤ አለዚያም ልጆቹን ለክፉ አክስት ያስረክባሉ። ሴራሊየር እንዲህ ያለ ብልሃት መፍጠር አላስፈለገውም፤ ታሪክ ራሱ አዘጋጅቶ አቆይቶት ነበር። ጀርመን ፖላንድን የወረረችው መስከረም 1 ቀን 1939 ነው፤ ዋርሶም ወሩ ሳያልቅ እጇን ሰጠች። ወራሪዎቹ ቀድመው ከመቷቸው ሰዎች መካከል መምህራን፣ ቀሳውስት፣ ጠበቆችና ሐኪሞች ይገኙበታል፤ ሐሳቡም የፖላንድ ሕዝብ መሪ የሌለው የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ እንዲቀር ነበር። ዩኒቨርሲቲዎችና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ክፍት በተተዉት አንደኛ ደረጃዎች የፖላንድ ታሪክና ጂኦግራፊ እንዳይሰጥ ተከለከለ፤ መምህራኑም በየሰው ቤት ተደብቀው ማስተማር ጀመሩ። እንግዲህ አንድ ርእሰ መምህር አንድን ምስል ወደ ግድግዳ ሲያዞር ሕፃን አንባቢ እንደ ክፍል ውስጥ ቀልድ ያየዋል፤ ነገሩን የሚያውቅ ትልቅ ሰው ደግሞ ይሰቀጥጠዋል። አንድ ድርጊት ለሁለት ዓይነት አንባቢ በሁለት ክብደት መድረሱ የመጽሐፉ አንዱ ጥበብ ነው።

የእናትየዋም አወሳሰድ እንዲሁ ከታሪክ የተቀዳ ነው። በጦርነቱ ዘመን ለጉልበት ሥራ ወደ ጀርመን የተወሰዱት ፖላንዳውያን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከመጋቢት 1940 ጀምሮም በልብሳቸው ላይ «ፔ» የሚለው የላቲን ፊደል ያለበት ምልክት እንዲለጥፉ ተገድደዋል። በልብ ወለዱ ማርግሪት ባሊትስኪ የምትወሰደው በሌሊት ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ የተወሰደበት ኤዴክ ከጣሪያ ሥር ሆኖ እናቱን በምትወስደው መኪና ላይ ይተኩሳል። መኪናዋ ትሄዳለች። እርሱ ግን ታላቅ እኅቱን ሩትንና ትንሿን ብሮንያን ይዞ በጣሪያ ላይ ያመልጣል፤ ከኋላቸውም ቤታቸው በፈንጂ ይጋያል። ትልቅ ሰው በሌለበት ቤት የመጀመሪያው ውሳኔ ተወሰነ፤ ውሳኔውም ስሕተት ነበረው ማለት ይቻላል። ደራሲው ልጁን አይወቅሰውም፤ አያጀግነውምም።

እዚህ ላይ የመጽሐፉን አወቃቀር ቀረብ ብለን እንየው፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነውና። ሴራሊየር ታሪኩን የሚጀምረው ከልጆቹ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ለአባትየው ይሰጣል፤ መታሰሩን፣ ማምለጡን፣ መመለሱን፣ ሰይፉን ለልጁ መስጠቱን ከነገረን በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ልጆቹ በዚያ ሌሊት ምን እንደሆኑ ይተርካል። ስለዚህ አንባቢው አባት በሕይወት እንዳለ ያውቃል፤ ሩት አታውቅም። አንባቢው ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ያውቃል፤ እነርሱ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ይህ ለአሥር ዓመት አንባቢ የተደረገ ትልቅ ርኅራኄ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ፍርሃት ገና በመጀመሪያ ተነሥቶለታል። ነገር ግን በፍርሃቱ ፈንታ ሌላ ሸክም ይጫንበታል። የሚያውቀውን ነገር ለሩት ሊነግራት አይችልም። ልጆች መጽሐፉን ጮክ ብላችሁ ስታነቡላቸው «ንገሯት!» እያሉ የሚጮኹት በዚህ ምክንያት ነው።

ምስጢሩ ደግሞ ከዚህም በላይ ይጠብቃል። ያ የጎዳና ልጅ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተርቦ ልጆቹ በሚኖሩበት ፍርስራሽ ደጃፍ ላይ ይወድቃል፤ ሩትም አስገብታ ታስታምመዋለች። ስሙ በፖላንድኛ «ያን» ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ያን» ባልኩ ቁጥር የቱን እንደሆነ ስለማትለዩልኝ ጃን ብዬ እጠራዋለሁ። በዚህ ጊዜ የድመቷ ግልገል የለችም፤ በምትኳ ጂምፒ የሚባል አውራ ዶሮ ይዟል። የእንጨት ሳጥኑ ግን አብሮት ነው፤ ማንም እንዲከፍተው አይፈቅድም። እንግዲህ አስቡት። የአባታቸው መልእክት እዚያው ምድር ቤት ውስጥ፣ ከሚተኙበት ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ጃን ክፉ ልጅ ስለሆነ አይደለም የማይናገረው፤ በረሃብና በስደት ብዛት ውሉን ረስቶታል። ሳጥኑ በግርግር ተሰብሮ ሰይፉ ወለል ላይ ሲወድቅ ሩት ታውቀዋለች። ቁርጥ የሚባለው ነገር ለእነዚህ ልጆች የደረሳቸው እንዲህ፣ በአጋጣሚና በተሰበረ ሳንቃ መካከል ነው።

ሩትን ከዚህ አስቀድሜ ላስተዋውቃችሁ ይገባኝ ነበር። አባቷ ሲወሰድ ገና አሥራ ሦስት ዓመት አልሞላትም። ከእናቷ መወሰድ በኋላ የቤቱ እናት እርሷ ናት፤ ታበስላለች፣ ትሰፋለች፣ ታስታርቃለች፣ ኤዴክ ምግብ ሲያሾልክ ተይዞ ወደ ጀርመን ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ቤቱን ብቻዋን ታቆማለች። ከዚያም በምድር ቤቱ ውስጥ ትምህርት ቤት ትከፍታለች። አንደኛዋ ተማሪ እኅቷ ናት፤ ሌሎቹ በየፍርስራሹ የሚኖሩ ልጆች ናቸው። ሥራው ማስተማር የነበረ ሰው ልጅ ማንም ሳያዛት ያንኑ ሥራ ቀጠለች። አባቷ እንዲህ ያደርግ ነበርና እኔም ላድርግ የሚል ንግግር ሲወጣት አታነቡም። ደካማ ደራሲ ቢሆን ኖሮ ይህንን ዐረፍተ ነገር በአፏ ባስገባው ነበር።

አሁን ከልብ ወለዱ ወጣ ብለን ልብ ወለዱ የቆመበትን መሬት እንይ። ጦርነቱ በአውሮፓ ግንቦት 8 ቀን 1945 ሲያበቃ ከአገራቸውና ከቤታቸው የተነቀሉ ሚሊዮኖች በጀርመን ምድር ላይ ነበሩ። የጠፋ ሰው የሚፈልግ ተቋም አስፈለገ፤ ዓለም አቀፉ የፍለጋ አገልግሎት ከ1946 መጀመሪያ አንሥቶ ማእከሉን በአሮልሰን ከተማ አደረገ። በዚያ የተከማቸው ሰነድ ዛሬ 30 ሚሊዮን ያህል ነው። ከፍለጋው ሁሉ ከባዱ የሕፃናት ፍለጋ ነበር፤ ትልቅ ሰው ስሙን ይናገራል፣ በሦስት ዓመቱ ከእናቱ የተለየ ልጅ ግን የቤተሰቡን ስም ላያውቅ፣ ቋንቋውንም ረስቶ ሊሆን ይችላል። ብሮንያ ታሪኩ ሲጀምር ሦስት ዓመቷ ነው። ሩት ባትኖር ኖሮ ብሮንያ ከእነዚህ አንዷ በሆነች ነበር፤ ይህንን መጽሐፉ አይናገርም፣ አንባቢ ግን መገመት ይችላል። በልብ ወለዱ መጨረሻም ልጆቹ በእርግጥ የባሊትስኪ ልጆች መሆናቸው የሚታወቀው በፍለጋ አገልግሎቱ ደብዳቤና በዚያችው ትንሽ ሰይፍ ነው። የመታወቂያ ወረቀት የላቸውም፤ ፖስታ መክፈቻ አላቸው።

በዚያው የጦርነት ዘመን ለንደን ውስጥ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም ለጦርነት ልጆች መዋያና ማደሪያ ከፍተው ነበር። ሁለቱ ሴቶች በየዕለቱ ያዩትን እየመዘገቡ የደረሱበት ነገር በዘመኑ ብዙዎችን አስገርሟል። ከእናቱ ጋር ሆኖ የቦምብ ድብደባን ያሳለፈ ትንሽ ልጅ፣ ለደኅንነቱ ተብሎ ከእናቱ ተለይቶ ወደ ሰላማዊ ገጠር ከተላከ ልጅ ባነሰ ሁኔታ ሲጎዳ አዩ። ጦርነት ለሕፃን ከባድ ትርጉም የሚኖረው ቤተሰቡን ሲበትንበት ነው የሚል ነበር ድምዳሜያቸው። ይህን ያሉት የብሪታንያ መንግሥት ተቃራኒውን ባደረገበት ጊዜ ነው። ከመስከረም 1 ቀን 1939 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ቀናት 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ከብሪታንያ ከተሞች ወደ ገጠር ተልከዋል። ስለዚያ ስደት የተጻፉ ብዙ የልጆች ልብ ወለዶች አሉ። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ የእናት አድራሻ ይታወቃል፤ ደብዳቤ ይመጣል፣ ቢዘገይም ይመጣል። ሴራሊየር እንግሊዛዊ ሆኖ ሳለ የአገሩን ልጆች ትቶ ደብዳቤ ወደማይመጣባቸው የፖላንድ ልጆች መሄዱ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ስለ ሰውየው ጥቂት ልበል። ሴራሊየር የተወለደው በ1912 ለንደን ውስጥ ነው፤ ጦርነትን የሚቃወመው የኩዌከር ክርስቲያናዊ እምነት ተከታይ ስለነበር በጦርነቱ መሣሪያ ለማንሣት አልፈቀደም። በመምህርነት ኖሯል፤ በ1948 ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ለትምህርት ቤቶች ጥሩ ልብ ወለዶችን በርካሽ ዋጋ የሚያቀርብ የመጻሕፍት ተከታታይ መሥርቷል። ይህንን መጽሐፍ ለመጻፍ አምስት ዓመት ያህል ወስዶበታል። መሣሪያ ያላነሣ ሰው ስለ ጦርነት ሲጽፍ ጠላት የሚለውን ቃል እንዴት ይይዘዋል? መልሱ በመንገዱ ላይ ነው። ልጆቹ ከዋርሶ እስከ ስዊዘርላንድ ጠረፍ በሚያደርጉት ጉዞ አንድ የሩሲያ ዘበኛ፣ አንድ የእንግሊዝ መኮንን፣ አንድ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ነጂና አንድ የጀርመን ገበሬ ይረዷቸዋል። የመጨረሻው ነው የሚያስገርመው። ገበሬው ኩርት ቮልፍ ከሚስቱ ጋር በባቫርያ ይኖራል፤ ሁለት ወንዶች ልጆቹ በጦርነቱ ሞተዋል። ጀርመናዊ የሚባል ሁሉ ጠላቱ የሆነበት ጃን በዚህ ሰው ማእድ ይቀመጣል። መጽሐፉ የወጣው ጦርነቱ ባበቃ በአሥራ አንደኛው ዓመት ነበርና አንብበውት ከነበሩት የእንግሊዝ ልጆች ብዙዎቹ አባቶቻቸው ጀርመኖችን የተዋጉ ናቸው። ለእነዚያ ልጆች ልጆቹን በጦርነት ያጣ ጀርመናዊ አባት ማሳየት ቀላል ድፍረት አልነበረም። ቮልፍና ሚስቱ እርማቸውን ያወጡ ወላጆች ናቸው፤ ሩት፣ ወንድሟና እኅቷ ቁርጡን የሚፈልጉ ልጆች ናቸው። ሁለቱ በአንድ ገበታ ዙሪያ ይገናኛሉ።

ከገበሬው ቤት የሚለያያቸው ደግሞ ጭካኔ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። የመንደሩ ከንቲባ ፖላንዳውያን ሁሉ ወደ አገራቸው ይመለሱ የተባለውን መፈጸም አለበት። በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ ስደተኛ ወደ አገሩ ይገባል። «አገር ቤት» እንላለን በአማርኛ፣ ሁለቱን ቃል አጣብቀን። ለእነዚህ ልጆች ግን አገሩ በስተምሥራቅ ቀርቷል፣ ቤቱ በስተደቡብ፣ ከሐይቅ ማዶ ነው። ገበሬው በሌሊት በታንኳ ወንዙን ይዘው እንዲያመልጡ ያደርጋቸዋል። በዚያ ጥድፊያ ጃን ሰይፉን ረስቶት ይሄዳል፤ የአንድ መጽሐፍ ሙሉ ክብደት የተሸከመችውን ዕቃ ልጁ ትራስጌ ረስቷት ሲሄድ አንባቢው ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። ቮልፍ ነው በኋላ የሚልክላቸው።

መጽሐፉን ብወደውም ጉድለቱን አልሸፍንም። ዮሴፍ ከእስር ቤት የሚያመልጥበት መንገድ፣ በወንጭፍ ዘበኛን መትቶ የዘበኛውን ልብስ መልበስን ጨምሮ፣ ከሌላ ዓይነት መጽሐፍ የመጣ ይመስላል። መልካም ሰዎች በሚያስፈልጉበት ሰዓት ሁሉ ብቅ ይላሉ። በርሊን ውስጥ ደግሞ ከእንስሳት መጠበቂያው ያመለጠ ቺምፓንዚ ይመጣል፤ ለብዙ ጊዜ ይህን ትዕይንት ልጆችን ለማሳቅ የገባ ብዬ አልወደውም ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት የበርሊን እንስሳት መጠበቂያ ከነበሩት 3,715 እንስሳት ጦርነቱ ሲያበቃ 91 ብቻ ነበሩ በሕይወት የተገኙት። ከዚያ ወዲህ ቺምፓንዚው ትንሽ ቀለለኝ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልታረቅንም።

የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው። ዋርሶ ውስጥ በኅዳር 1940 የተዘጋው የአይሁድ ጌቶ፣ ማለትም አይሁድ በግንብ ታጥረው እንዲኖሩ የተገደዱበት ሰፈር፣ ከ400,000 በላይ ሰዎች የታጨቁበት ነበር። ከሐምሌ 1942 ጀምሮ እነዚህ ሰዎች በባቡር ትሬብሊንካ ወደሚባለው የግድያ ካምፕ እየተጫኑ ተገድለዋል። የልጆች ደራሲውና ሐኪሙ ያኑሽ ኮርቻክ እርሱ ከሚያሳድጋቸው 200 ያህል ወላጅ አልባ ልጆች ጋር አብሮ የሄደው በዚያው ዓመት ነሐሴ ነው። የባሊትስኪ ልጆች ታሪክ የሚያልፈው በሌላ መንገድ ነው። ሩት ለመትረፍ የረዳት ጥንካሬዋ ብቻ እንዳልነበረ፣ በዚያችው ከተማ ለነበሩ ሌሎች ልጆች ወደ ስዊዘርላንድ የሚወስድ ምንም ዓይነት መልእክት ሊያድናቸው እንዳልቻለ፣ መጽሐፉን ለልጆች የሚያነብ ትልቅ ሰው ሊያውቅ ይገባዋል። ለየትኛው ዕድሜ ምን ያህሉ ይነገር የሚለውን ለወላጅና ለመምህር እተወዋለሁ።

ደራሲው ከሞት ራሱ ልጆችን ሊያርቅ የሞከረ እንዳይመስላችሁ። ሞቱን በትንሹ ነው የሚያሳየው። ኤዴክን ፍለጋ ፖላንድ ውስጥ ወዳለችው ወደ ፖዝናን ከተማ በደረሱ ጊዜ፣ የተራበው ሕዝብ ወደ ሾርባው ድስት ሲሯሯጥ የጃን አውራ ዶሮ በእግር ተረጋግጦ ይሞታል። በአንድ ከተማ ብዙ ሺህ ሰው ባለቀበት ታሪክ ውስጥ አንድ ዶሮ ሞተ። ጃን ግን ከዚያ በፊት በዓይኑ ያየውን ሁሉ ሳያለቅስ ያለፈ ልጅ ነው፤ ለጂምፒ ያለቅሳል። በዚያው ግርግር ኤዴክ ይገኛል፤ ሳንባው ታሟል፣ ሰውነቱ አልቋል። አንዱ ሲገኝ አንዱ ይጠፋል፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ አካባቢ ነው የሚሆኑት፣ ደራሲውም ለየትኛው እንድናዝንና እንድንደሰት ጊዜ አይሰጠንም።

መገናኘቱ የሚሆነው ኮንስታንስ በሚባለው ሐይቅ ማዶ ነው። ሐይቁ ላይ ማዕበል ይነሣል፤ ጃን የሚወደውን ውሻና ሊሞት የደረሰውን ኤዴክን በአንድ ጊዜ ሊያድን አይችልምና ኤዴክን ይመርጣል። ከዚያ ወላጆቻቸው ይገኛሉ። ጃን ሰይፉን ለማርግሪት ሰጥቶ እናቴ ሁኚልኝ ይላታል፤ የሚሰጣት ቀድሞውንም የእርሷ የነበረውን ዕቃ ነው። ብዙ የልጆች መጻሕፍት እዚህ ላይ ይዘጋሉ። ይህኛው አንድ ምዕራፍ ይጨምራል። ቤተሰቡ የሚሰፍረው በስዊዘርላንድ አፐንዘል፣ ከየአገሩ የመጡ የጦርነት ልጆች በሚያድጉበት መንደር ነው፤ ይህም በትሮገን በ1946 የተቋቋመውንና በስዊዘርላንዳዊው የትምህርት ሰው በፔስታሎጺ ስም የተሰየመውን የልጆች መንደር የሚያስታውስ ነው። በዚህ የመጨረሻ ምዕራፍ ደራሲው እያንዳንዱ ልጅ ሰላምን እንዴት እንደለመደ ይነግረናል። ኤዴክ በሕክምና ቀስ በቀስ ይድናል። ጃን መስረቁን ለመተው ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ይህን ማንም ይጠብቀዋል። ያልጠበቅነው ሩትን ነው። በምድር ቤት ውስጥ ትምህርት ቤት የከፈተችው፣ ግማሽ አውሮፓን አቋርጣ ሦስት ልጆችን ያደረሰችው፣ በመንገድ ላይ ሁሉ ሌሎቹ ሲደክሙ ያልደከመችው ሩት፣ እናቷን ባገኘች ጊዜ እንደ ትንሽ ልጅ ሆነች። ከእናቷ ሥር አትጠፋም፤ ማርግሪት ወደ ሄደችበት ትከተላታለች። ሌሎቹ ልጆች ወጥተው በሚጫወቱበት ሰዓት እርሷ ከእናቷ ጋር ናት። ደራሲው ለዚህ የሰጠው ጥቂት ዐረፍተ ነገሮችን ብቻ ነው፤ መጽሐፉን ለልጆች ባነበብኩ ቁጥር ግን ድምፄ የሚያስቸግረኝ እዚያ ስደርስ ነው።